ሳታጠፋ ይቅርታ የጠየቀችው ኑሪያ

በ2014 ዓ.ም. ክረምት ሊገባ ሲል፣ ሰኔ ውስጥ፣ ቡታጅራ ያለው የኮሌጃችን ቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተሮች በአንድ ጠዋት ሥራ አቆሙ። የምጽፈው ስለዚያ ሰሞን ነው። ብዕር ያስነሣኝ ግን የኑሪያ ሞት ነው።

መርዶው የደረሰኝ በስልክ ነው። ወልቂጤ አርፋለች፣ ዛሬውኑ ትቀበራለች ተባልኩ። ሙስሊሞች አስከሬን አያሳድሩም። መኪና ለምኜ የዘቢዳርን ተራራ ተሻግሬ ስደርስ ቀብሩ አልቆ ነበር። መታመሟን አልነገረችኝም። ሰው ሲያጠፋ የምትጮህ፣ እሷ ስትታመም ግን የማትናገር ሰው ነበረች።

ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጥኩ። የቀድሞው የኮሌጃችን ዲንም መጥቶ ነበር። ስለ ሟች ጥቂት ይናገሩ ሲሉት ተነሣ።

"ኑሪያ ታዛዥ ልጅ ነበረች" አለ። "ድምጿ የማይሰማ፣ ቁጣ የማታውቅ፣ ስታጠፋም ዝቅ ብላ ይቅርታ የምትጠይቅ ጨዋ ልጅ ነበረች።"

ሰው አንገቱን ነቀነቀ። እናቷ አለቀሰች። የሰው ለቅሶ ላይ አይጮህምና ዝም አልኩ። ዲኑን አሉ ብዬ ማክበር እንደሚገባኝ አውቃለሁ፤ እጄ ግን አለ ብሎ ይጽፋል።

የኑሪያ ድምፅ ከንባብ ክፍሉ ተነሥቶ እስከ ግቢው በር ይሰማ ነበር። ቁጣን ታውቃለች፤ ከማውቃቸው ሰዎች ሁሉ ቁጣን በቦታው የምታውል እሷ ነበረች። ይቅርታ ስትጠይቅ ያየኋት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እሱንም ሳታጠፋ ነው።

ኑሪያ የመስቃን ገጠር ልጅ ነበረች። ኮምፒውተር ተምራ በማዕረግ ተመርቃ ኮሌጃችን ተቀጠረች። አጭር ነች፤ ስትሄድ ትፈጥናለች። እስክሪብቶዋን ሻሿ ውስጥ ከጆሮዋ በላይ ትሰካና ቀኑን ሙሉ እስክሪብቶ ትፈልጋለች። እኔ ቤተ መጻሕፍቱ መስኮት ላይ ተቀምጬ መጽሐፍ አውሳለሁ፣ እቀበላለሁ። እሷ ከመምጣቷ በፊት ሁሉንም የምንሠራው በካርድ ነበር። ፕሮግራሙን የጫነችው እሷ ነች። የትኛው መጽሐፍ የት መደርደሪያ ላይ እንዳለ፣ ማን እንደወሰደው፣ መቼ እንደሚመልስ የሚያሳይ ፕሮግራም ነው። መጻሕፍቱን አንድ በአንድ ያስገባናቸው ግን አብረን ነው። እሷ መደርደሪያ ላይ ወጥታ ታነባለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ዓመታት ፈጀብን።

መጀመሪያ የተጣላነው ገና በተዋወቅን ሰሞን ነው። ስክሪኑ ላይ አንድ ጽሑፍ ብቅ አለና ጠራኋት።

"ምን ሆነ እትዬ አስካለ?"

"ስሕተት አለ አለኝ።"

"ምን ብሎ?"

"እንጃ። ዘጋሁት።"

"ዘጋሁት?" እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። "እትዬ፣ ሰው በር አንኳኩቶ 'ቤትሽ እየተቃጠለ ነው' ቢልሽ በሩን ትዘጊበታለሽ?"

"አልዘጋም።"

"ታዲያ ይሄ ምስኪን ምን አደረገሽ? የሆነውን ሊነግርሽ ነው የመጣው። አንብቢው! ባይገባሽም አንብቢው!"

ተማሪዎቹ ሳቁ። እኔ ግን ከፋኝ። በዕድሜዬ ማንም እንደዚያ ተናግሮኝ አያውቅም። ነገር ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ጽሑፍ ሳላነብ አልዘጋሁም። እግዚአብሔር ይስጣት። ብዙ ሰው አለስልሶ ተናግሮኝ ያስተማረኝ ነገር የለም።

ሦስት ነገር ደጋግማ ትል ነበር። አንዱ፣ "መጀመሪያ ቅጂ፣ ከዚያ እጅ" ነው። የፋይሉን ቅጂ ሳታስቀምጥ ምንም አትነካም። ሁለተኛው፣ "አንድ ለውጥ፣ አንድ ሙከራ" ነው። ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ የሚነካካ ሰው ካየች እጁን ትመታዋለች። ሦስተኛው፣ "ኮምፒውተሩ አኩርፎ አያውቅም፤ ያኮረፈው ሰው ነው" የሚለው ነው።

ሰርቨሩ ማለትም ሁሉም ነገር የተከማቸበት ዋናው ኮምፒውተር ለብቻው በተቆለፈች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበር። ስታስነሣው "ቢስሚላህ" ሳትል ቁልፉን አትጫንም። እኔም ከኋላዋ ቆሜ በስመ አብ እላለሁ።

"እንግዲህ ሁለታችንም ብለን ካልተነሣ ጥፋቱ የመብራት ኃይል ነው" ትለኝ ነበር።

በረመዳን እሷ ስትጾም ምሳዬን ደብቄ ከመደርደሪያ ኋላ እበላ ነበር። አንድ ቀን ደረሰችብኝ። "ውጪና ብዪ! ያንቺ መደበቅ ለእኔ ጽድቅ አይጨምርልኝም" ብላ ጮኸች። በዐቢይ ጾም ደግሞ ለእሷ ከቤት የመጣውን አይብ ፊቴ አስቀምጣ "ፈተና ነው፤ ጠንክሪ" ትለኛለች። ልጄ ታሞ ሆስፒታል ሳስታምም ደግሞ አንድ የማጽናኛ ቃል አልተናገረችኝም። በእኔ ቦታ መስኮቱ ላይ ተቀምጣ የእኔን ሥራ ከእሷ ሥራ ጋር ደርባ ሠራች። ስመለስ፣ "ልጁ በላ?" አለችኝ። በልቷል አልኳት። "በይ ተቀመጪ፤ ወገቤ ተቆረጠ" ብላ ሄደች። እንዲህ ነበረች።

አሁን ወደዚያ ሰኔ ልመለስ።

በቤተ መጻሕፍታችን መግቢያ ላይ ትልቅ ስክሪን ተሰቅሎ ነበር። አዲስ የገቡ መጻሕፍትን ያሳያል፤ ከላይ ሰዓት አለው። ሰዓቱ የፈረንጅ ነው። ከወልቂጤ፣ ከዞን ለጉብኝት የመጡ አንድ ኃላፊ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሲገቡ ስክሪኑ ስምንት ተኩል ይላል።

"ምነው፣ ምሳ አለፈን እንዴ?" ብለው ቀለዱ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ዲኑ ግን ፊቱ ጠቆረ።

ሰውየው በሄዱ ማግስት ኑሪያን አስጠራት። "ይህን ሰዓት ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር አድርጊው" አላት። እሷም ስክሪኑ ላይ ብቻ ማሳየት እንደሚቻል፣ ፕሮግራሙ ውስጥ ያለው ሰዓት ግን እንዳይነካ ነገረችው። የመጻሕፍቱ መመለሻ ቀን በሱ ነው የሚቆጠረው። ለስክሪኑ ጥቂት ቀን ስጡኝ አለችው። ከዚያ ለሥልጠና ወደ ወልቂጤ እንድትሄድ ታዘዘች።

ከመሄዷ በፊት ቁልፉንና ፓስወርዱን ለዲኑ እንድታስረክብ ተነገራት።

"እኔ የማልገባበት ክፍል እዚህ ግቢ ውስጥ አይኖርም" አላት።

"ይግቡ። ግን ምንም እንዳይነኩ።"

"አንቺ ነሽ የምታዢኝ?"

"እኔ አይደለሁም፣ ፋይሉ ነው" አለችው። እኔ እዚያው ነበርኩ። ሰጥታው ሄደች።

ሰኞ ጠዋት ኮምፒውተሬን ስከፍት ነጭ ገጽ መጣ፤ ከላዩ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለበት። በሁሉም ኮምፒውተሮች ላይ ያው ነው። ውጭ ዝናብ ይዘንባል። በረንዳው ላይ ተመራቂ ተማሪዎች ክሊራንስ ለማስፈረም ተሰልፈዋል። ክሊራንስ ማለት የኮሌጁ ንብረት በተማሪው እጅ እንደሌለ የሚመሰክር ወረቀት ነው። ያለሱ የትምህርት ማስረጃ አይሰጥም። እኔ ደግሞ ተማሪው መጽሐፍ መመለሱን የማየው በፕሮግራሙ ነው።

ለኑሪያ ደወልኩ።

"ምን ይላል? አንብቢልኝ" አለች።

ፊደል በፊደል አነበብኩላት። 

"ኮንፊግ ፋይሉን ማን ነካው?"

ኮንፊግ ፋይል የምትለው ፕሮግራሙ ሲነሣ መጀመሪያ የሚያነበውን ፋይል ነው። መረጃው የት እንደተቀመጠ፣ በምን ስም እንደሚገባ፣ ሰዓቱ የየት አገር እንደሆነ እዚያ ላይ ተጽፏል።

"እኔ አልነካሁም ኑሪያ።"

"አንቺ እንዳልነካሽ አውቃለሁ። አንቺ ብትሆኚ አንብበሽ ትደውዪልኝ ነበር። ያ ክፍል ዓርብ ከሄድኩ ወዲህ ተከፍቷል?"

ዘበኛውን ጠየቅኩት። እሑድ ዲኑ ብቻውን ገብቶ ብዙ ቆይቶ ወጣ አለኝ። ይህንኑ ነገርኳት።

"ወላሂ ሰዓቱን ነው የነካው" አለች። "ምንም እንዳትነኩ። መጣሁ።"

ዲኑ ግን በዚያው ጠዋት ሠራተኛውን ሰብስቦ ሌላ ነገር ተናገረ። ሰርቨሩ ሞቷል አለ። ይህችን ልጅ በጣም አምነናት ነበር፤ ስትሄድ ሆን ብላ አበላሽታው ሄዳለች አለ። ከአዲስ አበባ አንድ ባለሙያ ተጠርቷል፤ በነጋታው መጥቶ ፎርማት ያደርገዋል፣ አዲስ ፕሮግራምም ይጭናል አለ። ፎርማት ማለት ያለውን ሁሉ መደምሰስ ማለት ነው። ያ ሁሉ መጽሐፍ፣ እሷ መደርደሪያ ላይ ቆማ እያነበበች እኔ የጻፍኩት ሁሉ ማለት ነው።

"ተማሪዎቹስ?" አልኩ።

"ክሊራንስ ከመስከረም በኋላ ይሰጣል" አለ።

መሠረት የምትባል ልጅ ነበረች። ቡኢ ትምህርት ቤት ለሥራ ተመድባ ነበር። በዚያው ሳምንት ማስረጃዋን ይዛ ካልቀረበች ቦታው ለሌላ ይሰጣል። በረንዳው ላይ ወረቀቷን በፌስታል ጠቅልላ ይዛ ቆማለች። "እትዬ፣ መጽሐፍ የለብኝም፤ ያውቁኛል አይደል?" ትለኛለች። አውቃታለሁ። የእኔ ማወቅ ግን ማኅተም የለውም።

ኑሪያ በማግስቱ ረፋድ ላይ ደረሰች። ከባጃጅ ወርዳ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ለብሳ ቀጥታ ዲኑ ቢሮ ገባች። እኔም ተከተልኳት።

"ቁልፉን ይስጡኝ፤ ይነሣል" አለች።

"መጀመሪያ ለምን እንዳበላሸሽው ንገሪኝ።"

"እኔ? ወልቂጤ ተቀምጬ?"

"ከሩቅም ይሠራል ትሉ የለ?"

"እሑድ የገቡት እርስዎ ነዎት! ዘበኛው አይቷል። ምን ነካክተው ነው የወጡት?"

"ምንም አልነካሁም።"

"ስሕተቱ እኮ ፊትዎ ተጽፏል። በስንተኛው መስመር እንደሆነ እንኳ ይናገራል! ማንበብ ያቃተው ሰው ኮሌጅ ይመራል?"

በሩ ክፍት ነበር። ሰው ሰምቷል። ዲኑ ቁልፉን መሳቢያ ውስጥ አስገብቶ ቆለፈበት። "ውጪ" አላት።

ከዚህ በኋላ ሽምግልና ገባ።

በእኛ አገር ሁለት ሰው ሲጣላ ሽማግሌ ይገባል። ጥሩ ልማድ ነው። ስንት ትዳር፣ ስንት ጎረቤት ተርፎበታል። ሽማግሌ ግን ሁለቱን ሰምቶ ጥፋተኛውን ጥፋተኛ ብሎ ነው የሚያስታርቀው። የአባቶቻችን ደንብ እንደዚያ ነበር። መሥሪያ ቤት ውስጥ የገባው ሽምግልና ሌላ ነው። ማን አጠፋ አይባልም። ታናሽ ማነው፣ ታላቅ ማነው ይባላል። ከዚያ ታናሽ ይጎነበሳል፤ ይጨበጨባል።

የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊያችን ጋሽ ሽኩር የሁላችንም ሽማግሌ ነበሩ። ደግ ሰው ናቸው። ኑሪያን ግምጃ ቤታቸው አስገብተው ወንበር ሰጧት።

"ልጄ፣ ታላቅሽ ነው። አለቃሽም ነው።"

"ጋሼ፣ እሱ ነው ያበላሸው።"

"ይሆናል።"

"ይሆናል አይደለም። ነው!"

"እሺ ነው። አሁን አንቺ 'አጥፍቻለሁ' ብትዪ ምን ይጎድልብሻል? ለሰላም ነው። አላህ ያውቀዋል።"

"አላህማ ያውቃል። የማያውቁት እነዚህ ናቸው" ብላ በእጇ ግቢውን አሳየች። "እምቢ። ጋሼ፣ እንደ አባቴ ነው የማይዎት፤ ግን እምቢ።"

ወደ እኔ ዞሩ። "አስካለ፣ አንቺ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ነሽ። ምከሪያት እንጂ።"

"ሐሰት ተናገሪ ብዬ አልመክርም" አልኳቸው።

ይህን ጊዜ ስልካቸው ጮኸ። ያ የአዲስ አበባው ባለሙያ ቡኢን አልፏል፤ ምሳ በልቶ ሥራ ይጀምራል ተባለ። ኑሪያ ተነሥታ ወደ በረንዳው ወጣች። ሰልፉ እንዳለ ነው። መሠረት ከዝናቡ ለመሸሽ ግድግዳ ላይ ተለጥፋ ቆማለች።

"አንቺ፣ ለምን አትሄጂም? ተዘግቷል እኮ" አለቻት ኑሪያ።

"ከሄድኩ ለአባቴ ምን እለዋለሁ?" አለች ልጅቷ።

ኑሪያ ልጅቷ የያዘችውን ፌስታል አየች። ከዚያ ተመልሳ ጋሽ ሽኩርን፣ "ይቅርታ ብል አሁኑኑ ቁልፉን ይሰጣል?" አለቻቸው።

"አሁኑኑ።"

"ይምጡ፣ እንሂድ።"

"ኑሪያ፣ ተዪ" አልኳት።

"እትዬ፣ ፎርማት ካደረገው ምንም ያህል ብቆጣ አልመልሰውም። ቅጂው ያለው እዚያው ሰርቨር ላይ ነው። ቁጣዬ ይቆየኛል፤ ፋይሉ ግን አይቆይም።"

ሠራተኛው አዳራሽ ተጠራ። ዲኑ ከፊት ተቀመጠ። ኑሪያ ገብታ፣ "ክፉ ተናግሬዎታለሁ፤ ይቅርታ" አለች።

ይበቃ ነበር። አልበቃውም።

"ስለ ስድቡ አይደለም። ሲስተሙን ያበላሸው ማነው?"

 ጋሽ ሽኩር መሬት መሬት አዩ። ኑሪያ ያን ትንሽ ሰውነቷን ቀጥ አድርጋ ቆመች። ሻሿ ላይ እስክሪብቶዋ ተሰክቷል።

"እኔ ነኝ" አለች። "እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ይቅርታ ያድርጉልኝ።" ከዚያ ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ነካች።

አጨበጨቡ። የሰዓቱን ነገር የሚያውቁ፣ እሑድ ማን እንደገባ የሰሙ ሰዎች ሁሉ አጨበጨቡ። "ጨዋ! የጨዋ ልጅ!" ተባለ። ዲኑ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። እኔ አላጨበጨብኩም። እጆቼን ነጠላዬ ውስጥ ጨብጬ ያዝኳቸው። እመቤቴ ማርያም ምስክሬ ነች፤ ያን ቀን የተሰማኝን ቁጣ ከዚያ በፊት አላውቀውም ነበር።

ቁልፉን ተቀብለን ጠባቧ ክፍል ገባን። አላለቀሰችም። "ቢስሚላህ" አለች። እኔም በስመ አብ አልኩ። መጀመሪያ የተበላሸውን ፋይል እንዳለ ቀድታ አስቀመጠች። ከዚያ ከፈተችው። ጽሑፉ የጠቆመውን መስመር አገኘች። እዚያ ፋይል ውስጥ እያንዳንዱ ትእዛዝ መክፈቻና መዝጊያ ምልክት አለው። የአንዱ መዝጊያ ጠፍቷል።

"አየሽ? ከፍቶ ወጥቷል" አለች። "ከቤቱም እንዲህ ከፍቶ ነው የሚወጣው መሰለኝ።"

ምልክቱን መለሰች። ሌላ ነገር አልነካችም። አንድ ለውጥ፣ አንድ ሙከራ። ፕሮግራሙን አስነሣችው። አልተነሣም። እኔ ያለቀልን መሰለኝ፤ እሷ ግን ፊቷ በራ።

"ሌላ ነገር ነው የሚለው! አንብቢ እትዬ፣ ቅድም ካለው ይለያል። ተራምደናል ማለት ነው።"

አነበብኩት። የተጻፈውን የሰዓት ክልል አላውቀውም ይላል። የዚያን መስመር ፈልጋ አገኘችው። በዚህ ቦታ ላይ ፕሮግራሙ ከሚያውቃቸው የከተማ ስሞች አንዱ መጻፍ ነበረበት። የእኛ አዲስ አበባ ነው። ዲኑ እሱን ሰርዞ በላቲን ፊደል "ኢትዮጵያ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት" ብሎ ጽፎበታል።

ኑሪያ ሳቀች። ግድግዳውን ይዛ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ።

"እሑድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው የገባው! ሰዓቱን አይቶ ጻፈለት!" አለች። "እትዬ፣ ሰውየው የግድግዳ ሰዓት የሚሞላ መስሎታል።"

ሳቋ ድንገት ቆመ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔ ስክሪኑን አየሁ እንጂ እሷን አላየሁም። ጥቂት ቆይታ ዞረች፤ መስመሩን አስተካከለች፤ አስነሣችው። የፍለጋው ገጽ መጣ። የመሠረትን ስም ጻፍኩ። ስሟ ወጣ፤ የወሰደችው መጽሐፍ ሁሉ ተመልሷል ይላል።

"ተመስገን" አልኩ።

"አልሐምዱሊላህ" አለች።

"ልሂድና ለሁሉም ላሳያቸው" አልኳት። "የጻፈው እዚህ አለ።"

"ዛሬ ተዪው። የአዲስ አበባው ሰው ዕቃውን ይዞ በር ላይ ነው። ዲኑን አሁን ካዋረድነው እልህ ይዞት ያስደመስሰዋል። መጀመሪያ ቅጂ ላውጣ። አንቺ ሰልፉን ያዢ።"

ባለሙያው መጣ፤ ሲስተሙ ሲሠራ አየ፤ "ታዲያ እኔ ምን ልሠራ ነው የመጣሁት?" ብሎ ሻይ ጠጥቶ ተመለሰ። እኔ የሥራ ሰዓት እስኪያልቅ ፈረምኩ፤ ሰልፉ ግን አላለቀም። መሠረትም ተራዋ ሳይደርስ ቀረ።

ስንወጣ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አዲስ ወረቀት ተለጥፏል። ማኅተም አለው። በባለሙያዋ ጥፋት ተቋርጦ የነበረው የቤተ መጻሕፍቱ ሲስተም በኮሌጁ አመራር ብርቱ ጥረት ሥራ ጀምሯል ይላል። ባለሙያዋም ጥፋቷን በሠራተኛው ፊት አምና ይቅርታ ጠይቃለች ይላል። ከዚህም ሥራ ተነሥታለች ይላል።

ኑሪያ እስከ መጨረሻው አነበበችው። ሳትቸኩል፣ ሁሉንም ነገር እንደምታነበው አድርጋ አነበበችው።

"እንግዲህ እኔው ነኝ 'አንብቡ' የምለው" አለች። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። "ቅጂውን በፍላሽ አድርጌልሻለሁ። በየሳምንቱ አውጪ። ደህና ሁኚ እትዬ።"

"ኑሪያ..."

"ሌላ ነገር አትበዪኝ፤ አሁን ካልሽኝ አለቅሳለሁ። ይሄ ደግሞ ማየት ይፈልጋል" አለች። ዲኑ በመስኮቱ እያየን ነበር። በጭቃው ውስጥ ፈጥና ሄደች። ወልቂጤ ሌላ መሥሪያ ቤት ገብታ እዚያው ኖረች።

ጋሽ ሽኩር በሩ ላይ አገኙኝ።

"ጋሼ፣ እሱ እንዳበላሸው በዓይኔ አይቻለሁ" አልኳቸው።

"አውቃለሁ ልጄ። ግን ሰላም ሆነ አይደል?"

ሰላም! ላበላሸው ሰው ሰላም ሆነ። ላጨበጨቡት ሰላም ሆነ። የንስሐ አባቴ ይቅር በዪ ብለውኛል፤ ይቅር ለማለት እየታገልኩ ነው። እሷ ግን ሳታጠፋ አጥፊ ተብላ በማኅተም ተለጥፋ ሄደች። እዚያ ግቢ ለሚመጣ ሁሉ ስሟ ያ ወረቀት ሊሆን ነው። ያን ቀን ቤቴ ስገባ ራት አልበላሁም።

በማግስቱ ጠዋት ማርያም ደጅ ሳምኩና በሥራ ሰዓት መስኮቴን ከፈትኩ። ዝናቡ አባርቷል። ሰልፉ እስከ ማስታወቂያ ሰሌዳው ደርሷል። መሠረት መጀመሪያ ነበረች። ስሟን አይቼ ፈረምኩላት፤ ማኅተም አደረግኩበት። ወረቀቱን ሳልለቅ እንዲህ አልኳት፦

"ሲስተሙን ያበላሸው ዲኑ ነው። ያስተካከለችው ኑሪያ ነች። ያላጠፋችውን አጠፋሁ ያለችው እናንተ እንዳትቀሩ ብላ ነው።"

ልጅቷ አፏን ከፍታ አየችኝ። "እትዬ... እግዚአብሔር ይስጣት" አለች። ወረቀቱን ለቀቅኩላት።

ለቀጣዩም ይህንኑ አልኩት። ከሱ በኋላ ለመጣችውም። ብዙ መናገር አልወድም፤ ስለዚህ አንድም ቃል አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። ሰልፉ ውስጥ መንሾካሾክ ተጀመረ። ጥቂት ቆይቶ ዲኑ መጣ። ከተማሪዎቹ ጎን ቆመ።

"ወይዘሮ አስካለ፣ ምንድነው የሚያወሩት?"

"ክሊራንስ እየሰጠሁ ነው" አልኩት።

ከዚያ ቀና ብዬ "ቀጣይ" አልኩ። አንድ ረጅም ልጅ ቀረበ። ስሙን ፈለግኩ፣ ፈረምኩ፣ ማኅተም አደረግኩ። ዲኑ እንደቆመ ነው። ለልጁም ያንኑ ነገርኩት።